ሽቦ አይለጠጥም

ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚገባው ሽቦው ነው፤ እሱ ቀጥሎ ይደርሳል። በአሮጌ የትራስ ልብስ የተጠቀለለው ሽቦ ከብብቱ ሥር ሁለት ቀያይ ጫፎቹን እንደ ጥጃ ቀንድ አውጥቶ በበሩ ብቅ ሲል ተማሪው ሁሉ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ስም ያወጡለት ማስተማር በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ነው። ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሉታል፤ ዞር ሲል «ጋሽ ሽቦ»። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን ስትናደድ «አንተ ሽቦ» ማለት ጀምራለች።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት የኤክስ ስኩዌርን ግራፍ ሰሌዳ ላይ በእጁ ሳለ። ሰው ሲያየው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። ብቻውን ሲሆን ለስላሳ ሆኖ የሚወጣለት መስመር ሰማንያ ዓይን ሲያርፍበት መድረሻ ያጣል። ያን ቀን ከጠመኔው የወጣው ነገር በአንድ በኩል ጎበጥ፣ በሌላ በኩል ሰለል ያለ ሆነና ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ የሚነቀለው ጥርስ ይሄ ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ብየዳ ቤት ሄዶ፣ እርሳስ የሚያህል ብረት በልኩ አስጎብጦ፣ ቀይ ቀለም አስቀብቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግራፍ በእጁ ስሎ አያውቅም።

ሽቦውን ከያዘ ግን ንጉሥ ነው። ሰሌዳው ላይ በየአስር ሳንቲ ሜትሩ ራሱ በማስመሪያ ያሰመራቸው ነጫጭ መስመሮች አሉ፤ ሽቦውን በእነሱ ላይ ያንሸራትታል። «ሲደመር ሁለት!» ይላል፤ ሽቦው ሁለት ቤት ሽቅብ ይወጣል። «ሲቀነስ አንድ!» ቁልቁል ይወርዳል። ደስታው የሚደርሰው ግን ቅንፉ ጋ ሲደርስ ነው።

«ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ በቅንፍ፣ ስኩዌር። ወዴት ይሄዳል?»

ተማሪው በአንድ አፍ «ወደ ግራ!» ይላል። በየዓመቱ ይላል። እሱም በየዓመቱ ሽቦውን ሦስት ቤት ወደ ቀኝ ወስዶ ፈገግ ይላል።

«ቅንፍ ውስጥ የገባ ነገር እንደ አማች ነው። ሂድ ሲሉት ይመጣል፤ ና ሲሉት ይሄዳል።»

ዘንድሮ ታዲያ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። የክፍል ጓደኞቿ ስሟን ትተው «እትዬ ለምን» ይሏታል።

«ለምን?»

«ሕጉ ነዋ!»

«ሕጉስ ለምን?»

«ተቀመጪ።»

መከራው ያለው በሚቀጥለው ገጽ ነው። መጽሐፉ ግራፍ ማንሸራተትን ጨርሶ ገጹ ሲገለጥ ግራፍ መለጠጥ ይመጣል፤ ኤክስ ስኩዌር በሁለት ሲባዛ፣ በሦስት ሲባዛ፣ በግማሽ ሲባዛ። ሽቦ ደግሞ የወሰዱት ቦታ ይሄዳል እንጂ አይለጠጥም። በእጅ ሊሳል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጋሽ ሽቦ ያንን ገጽ አስተምሮ አያውቅም። አንዳንዱን ዓመት ወገቡን ታመመ። አንዳንዱን ዓመት «ይሄ ቀላል ነው፤ ቤታችሁ አንብቡት» አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት አጎቱን ቀበረ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

አዲሷ ዳይሬክተር የታሪክ ምሩቅ ናት። ሒሳብ አታውቅም፤ ፋይል ማገላበጥ ግን ታውቃለች። ቢሮዋ አስጠርታው አምስት የፈቃድ ማመልከቻዎች ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደረደረችለት።

«መምህር፣ ስንት አጎት አለዎት?»

«አንድ… ነበሩ።»

«ነፍስ ይማር። አምስት ጊዜ ሞተዋል። አምስቱንም ጊዜ በሁለተኛው መንፈቅ፣ በስድስተኛው ሳምንት። ሰውዬው በቀጠሮ ነው እንዴ የሚሞቱት?»

እሱ የጫማውን ጫፍ አየ። 

«የዘንድሮው ስድስተኛ ሳምንት ሊገባ ነው» አለች ማመልከቻዎቹን እየሰበሰበች። «ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እኔና የስፖርት መምህሩ ገብተን እንገመግምዎታለን። ከሰባ በታች ከመጣ፣ የመጽሐፍ መጋዘኑ ሰውዬ ጡረታ ሊወጡ ነው። ቦታው ሰው ይፈልጋል።»

መጋዘኑን ያውቀዋል። ምድር ቤት ነው፤ አንዲት መስኮት አለችው፤ ከመስኮቷ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። ጡረታ የሚወጡት ሰውዬ አስራ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀምጠው አሁን ሰው ሲያናግራቸው መጀመሪያ ጫማውን ነው የሚያዩት። ጋሽ ሽቦ ብዙ የሚኮራበት ነገር የለውም። ልጅ የለውም፤ ማዕረግ የለውም፤ ቤቱም የኪራይ ነው። አርባ ልጅ በአንድ አፍ «ወደ ግራ!» ብሎ ሲሳሳትለት ግን በዓለም ላይ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው መሆኑ ይሰማዋል። ያንን ነው ሊወስዱበት ያሰቡት።

ሚስቱ የፊተኛውን ክፍል በስፌት መኪናዋ ይዛ ለሱቆች የውስጥ ሱሪና የስፖርት ቁምጣ ትሰፋለች። ጉዳዩን እስኪጨርስ መኪናዋን ሳታቆም ሰማችው። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ከጎኗ ካለው ክምር አንድ ሮዝ ጨርቅ መዘዘች።

«ይሄ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚለጠጠው። ጎኑ አይላወስም። ያንን ጉድህን በእስክሪብቶ ሳልበት። እኔ ታቹን ልያዝ፤ አንተ ላዩን ጎትት። አየህ? ወርዱ እንዳለ ነው፤ ቁመቱ እጥፍ ሆነ።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት የተከበርኩበት ክፍል የሴት ሙታንታ ይዤ ልግባ?»

«ሙታንታ አይደለም። ገና አልተሰፋም።»

«ሊሆን ነው እኮ!»

«አንተም ሰው ልትሆን ነው። እየጠበቅን አይደል?»

በሩን ዘግቶ ወጣ። በሩ ልል ስለሆነ እንደ ልቡ አልጮኸለትም።

የብየዳ ቤቱ አሮጌ ባለቤት ከሞቱ ቆይቷል። አሁን ያለው በያጅ ከዓመታት በፊት የጋሽ ሽቦ ተማሪ ነበረ፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ የወጣ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«መምህር! ሽቦዋ ተሰበረች እንዴ?»

«አልተሰበረችም። ይህችን አየሃት? ሁለት እጥፍ አድርገህ ሌላ ሥራልኝ።»

በያጁ ሽቦዋን ገልብጦ አያት። «ሁለት እጥፍ በምኗ?»

«ሁለት እጥፍ በምኗ ይባላል? ሁለት እጥፍ ሁለት እጥፍ ነው! ያኔም እንዲሁ ነበርክ። ነገር ስታወሳስብ ነው ትምህርቱ ያለፈብህ።»

«እሺ መምህር» አለ በያጁ፤ መነጽሩንም መልሶ አወረደ።

ለቅዳሜ የተባለው ለእሑድ፣ የእሑዱ ለሰኞ እየተባለ፣ አረንጓዴው ሽቦ ማክሰኞ ጧት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰ፤ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም። ቀዩ አርባ ሳንቲ ሜትር ወርድና አርባ ሳንቲ ሜትር ቁመት ነበረው። አዲሱ ሰማንያ በሰማንያ ነው። በያጁ የተባለውን ነው የሠራው፤ አንድም ነገር አላጎደለም። ጋሽ ሽቦ ትልቅነቱን አይቶ ደስ አለው፤ ከዚያ በላይ ለማየት ጊዜም ልብም አልነበረውም።

ዳይሬክተሯና የስፖርት መምህሩ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የግምገማ ቅጽ አለ። እሱ በቀዩ ጀመረ። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ «ወደ ግራ!» ሲሉት ወደ ቀኝ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ የትራስ ልብሱን ገፈፈና አረንጓዴውን እንደ ዋንጫ ብድግ አደረገው። ክፍሉ «ውይ!» አለ።

«ይኸው ኤክስ ስኩዌር በሁለት ሲባዛ!» አለና የሽቦውን ሆድ ዜሮ ላይ አስቀመጠው። ቀዩ ከጎኑ እንደ ልጁ መሰለ። ከኋላ የእስክሪብቶ ድምፅ ተሰማው፤ እየሞሉለት ነው።

እትዬ ለምን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኤክስ ሁለት ሲሆን ቀዩ አራት ላይ ነው።»

«ጎበዝ።»

«በሁለት ከተባዛ ስምንት መድረስ አለበት።»

«በጣም ጎበዝ!»

«አረንጓዴው ግን ሁለት ላይ ነው ያለው። ጭራሽ ወረደ እኮ። ለምን?»

ዞር ብሎ አየ። ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። በሁለት የተባዛ ግራፍ ከቀዩ ሾል ብሎ መውጣት ሲገባው ይሄኛው እንደ ገበታ ተዘርግቷል። በምኗ ብሎ የጠየቀው የበያጁ ድምፅ ጆሮው ላይ ደወለ። መጠየቁ ልክ ነበር። ቁመቷን ብቻ ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን ወርዷንም አስጨመረ።  ኋላ ዳይሬክተሯ ቀና አለች። መጋዘኑ፣ መስኮቷ፣ የሰው እግር።

«ሰሌዳው ነው የተጣመመው» አለ። «ተቀመጪ።»

ልጅቷ ወዲያው አልተቀመጠችም። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ ሰሌዳው የቱ ጋ እንደተጣመመ ፈለገች። ወደ ሌላው ጎንም ዘንበል አለች። ከዚያ ዓይኖቿን በእጇ ጀርባ አሸት አሸት አድርጋ ተቀመጠች።

ዘጠና አራት አገኘ። ቅጹ ላይ የድምፅ ጥራት የሚል አለ፤ የሰዓት አጠቃቀም የሚል አለ፤ የመርጃ መሣሪያ የሚል አለ። የተባለው ነገር እውነት ነው ወይ የሚል መስመር የለውም። የስፖርት መምህሩ አስተያየት በሚለው ሥር «የእጅ እንቅስቃሴው ያስደስታል» ብሎ ጽፏል።

«መምህር፣ ይሄንን ችሎታ ደብቀው ነው አጎትዎን ሲቀብሩ የኖሩት?» አለች ዳይሬክተሯ ረቡዕ ጧት ቢሮዋ አስገብታው። «በያጁን ሠላሳ እንዲሠራ አዝዤዋለሁ። ለየትምህርት ቤቱ ይታደላል። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ‹በሁለት የተባዛ› ተብሎ ይጻፍበታል። ነገ ከበላይ ቢሮ እንግዳ ይመጣሉ፤ ያሳዩአቸዋል።»

«አንድ ነገር ነበረች…»

«ምን?»

«ሽቦው በሁለት የተባዛው አይደለም። የግማሹ ነው።»

ዳይሬክተሯ በመስኮቱ አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። «ግማሽም ሁለትም ቁጥር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን…»

«ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ሽቦውን ማቃናት ከባድ ከሆነ ትምህርቱን ወደ ሽቦው ጠጋ ያድርጉት።» ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። «መጋዘኑ እኮ አሁንም ሰው ይፈልጋል፣ መምህር።»

ከሥራ ሲገባ ሚስቱ መኪናዋ ላይ ናት። ሁሉንም ነገራት። ትስቃለች ብሎ ትከሻውን አዘጋጅቶ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ልጅቷ ምን አለች?»

«ተቀመጠች።»

«ዝም ብላ?»

«አንገቷን እያጣመመች ሰሌዳውን አየች። ከዚያ… ዓይኗን አሸች።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ማስተማርህ ደግ ነው» አለች። «ትናንት ደግሞ አንዲት ልጅ ዓይኗን እንዳታምን አስተማርክ።»  ሮዙን ጨርቅ በሚገባ አጥፋ ቦርሳው ላይ አኖረችለትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሱ ብዙ ቆይቶ እስክሪብቶ ፈለገ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ማንም ሳያየው፣ ግራፉን ጨርቁ ላይ ሳለ። ለስላሳ ሆኖ ወጣለት።

ሐሙስ ዕለት በበሩ መጀመሪያ የገባው እሱ ነው። ክፍሉ ግራ ገባው።

«እትዬ… የመጨረሻ ረድፍ ያለሽው፣ ነይ ውጪ።»

ልጅቷ ወጣች። ጨርቁን ዜሮው መስመር ላይ ለጠፈና ታቹን አስያዛት።

«ማክሰኞ ሰሌዳው አልተጣመመም። ዓይንሽም ደህና ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ላዩን ይዞ ሽቅብ ሳበው። አራት ላይ የነበረው ነጥብ አምስትን አለፈ፣ ስድስትን አለፈ፣ ስምንት ላይ ቆመ። ጎኑ ሳይላወስ ሾል ብሎ ወጣ። «አሃ!» አለ አንድ ሰው። ሌላው ግን ጨርቁን አወቀው።

«ቲቸር፣ ሙታንታ ነው እኮ!»

ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ጥርሱ ቀን። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጨርቁም አብሮት፤ ግራፉ ሰሌዳው ላይ እንደ ውሃ ተርገበገበ። ግን አልለቀቀውም።

«ገና አልተሰፋም» አለ።

«አረንጓዴውስ?» አለች ልጅቷ፤ የሳቀችም አትመስል። «አረንጓዴው ለምን ወረደ?»

ተቀመጪ አላላትም። «ወርዱንም ቁመቱንም ስለጎተትኩት። አንድ ጋ የነበረው ነጥብ ቁመቱ አንድ ነበር። ወደ ጎን ሲሳብ ሁለት ጋ ሄደ፤ ወደ ላይ ሲሳብ ቁመቱ ሁለት ሆነ። ስለዚህ ሁለት ጋ ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ የአራት ግማሽ።»

እያስረዳ ሳለ በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሯ ናት፤ ከኋላዋ ከረባት ያሰሩ ወፍራም እንግዳ አሉ።

«የታወቀው ሽቦ የታለ?» አሉ እንግዳው በሰፊው ፈገግ ብለው። ጥግ ላይ የቆመውን አረንጓዴ አዩት። «አሃ፣ በሁለት የተባዛው ይሄ ነው!»

ዳይሬክተሯ ዓይኗን አፈጠጠችበት። ቢያንስ አንገቱን እንኳ ቢነቀንቅ በቂ ነበር። ልጅቷ ጨርቁን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«አይደለም» አለ። «በግማሽ የተባዛው ነው። በሁለት የተባዛው ይሄኛው ነው።»

እንግዳው ወደ ሮዙ ጨርቅ ጎንበስ አሉ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሙታንታ ነው» አለች እትዬ ለምን። «ገና አልተሰፋም።»

ደብዳቤው ሰኞ ደረሰው። «ለትምህርት መርጃነት ያልተፈቀደ ጨርቅ በመጠቀም የተቋሙን ክብር ስለነኩ ወደ መጽሐፍ መጋዘን ተዛውረዋል» ይላል። የማክሰኞው ዘጠና አራት ፋይሉ ውስጥ አለ፤ የዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ነው፤ ማንም አልነካውም። አዲስ መምህር እስኪመጣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜውን የስፖርት መምህሩ ይዞታል። ተማሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር በሚገባ እየተማረ ነው ይባላል።

መጋዘኑ እንደሚያውቀው ነው። መስኮቷ፣ የሰው እግር። በሁለተኛው ሳምንት በያጁ ሠላሳውን አረንጓዴ ሽቦ በጥቅል አስሮ አመጣ፤ ሁሉም ላይ «በሁለት የተባዛ» ተጽፏል።

«መምህር፣ እኔ በምኗ ብዬ ጠይቄ ነበር» አለ።

«ጠይቀሃል። እኔ ነኝ የሰደብኩህ።»

በያጁ ራሱን አከከ፤ ሲወጣ ግማሽ ቆርቆሮ አረንጓዴና ትንሽ ነጭ ቀለም፣ ሁለት ቀጫጭን ብሩሽም ትቶለት ሄደ።

ጋሽ ሽቦ የመጀመሪያውን ሽቦ ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «ሁለት» የሚለውን በአረንጓዴ ሸፈነ፤ ሲደርቅ «ግማሽ» ብሎ በነጭ ጻፈበት። የሚያየው ሰው ስለሌለ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ መስኮቷ ጨለመች። ቀጫጭን እግሮች መጥተው ቆመዋል፤ ከዚያ እግሮቹ ታጠፉና የእትዬ ለምን ፊት ብቅ አለ። ብሩሹ እጁ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«ሰው ሲያየኝ ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው መስኮቷ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች።

«በቃ፣ አላይም። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳል?»

ብሩሹ ጸጥ አለ። «ድሮ ስኩዌሩ ዜሮ ለመሆን ኤክስ ዜሮ ቢሆን ይበቃው ነበር» አለ ቀስ ብሎ እየጻፈ። «አሁን ሦስት ሲቀነስበት፣ ዜሮ ለመሆን ሦስት ያስፈልገዋል። ሆዱ ሦስት ጋ ሄዶ ይጠብቃል ማለት ነው።»

«ታዲያ አማች ያሉት ምን አገባው?»

«ምንም።»

«አማችን በከንቱ ማማትዎን ለባለቤትዎ ልንገራቸው?»

«ተነሽ ወደ ክፍልሽ» አለ፤ ዘጠነኛውንም ጨርሶ አስረኛውን አነሳ።